ትኩሳት ካለብሽ ሥራ አትግቢ

አቃቂ፣ ኅዳር 13

የኔ እናት፣ እንደምን አለሽልኝ?

ትናንት ኅዳር 12 ስለነበር ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ሲያጥን ዋለ። በር ዘግቼ ቁጭ ባልኩበት ወንድምሽ ደውሎ ነገረኝ። ሦስት ቀን ሙሉ እያተኮሰሽ ስፌት ላይ ዋልሽ አለኝ። ቀን በፓራሲታሞል፣ ማታ እየተንቀጠቀጥሽ። እንዴት ዝም ትይኛለሽ? ጉንፋን ነው ብለሽ አትናቂው። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የፈጀው የኅዳር በሽታም ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ጭሱም ለዚያ መታሰቢያ ነው።

አልቆጣም ብዬ ነበር የተቀመጥኩት። ግን ልቆጣ ነው። ትኩሳት ካለብሽ ፋብሪካ አትግቢ።

የምትሠሩበትን አዳራሽ አይቼዋለሁ። ማሽኑ ተጠጋግቶ፣ ትከሻ ለትከሻ ናችሁ። አንዷ ስታስል ሌላዋ ትተነፍሰዋለች። አፍንጫሽን በጠረግሽበት እጅ መቀስ ታቀብያታለሽ፣ እሷ ዓይኗን ታሻለች፣ አለቀ። ደግሞ በሽታው ሳይሰማሽ ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ ይተላለፋል፤ ከታመምሽም በኋላ እስከ ሳምንት ይቆያል። ሰርቪሱማ አይነሳ። ብርድ ይመታናል እያሉ መስኮቱን ድርግም አድርገው ይዘጉታል። ሲሻልሽና ስትመለሺ ክፈቺው። ቢቆጡሽም ክፈቺው።

የክርስትና እናትሽ ለምን ልጅ እንደሌላት ትንሽ ሆነሽ ጠይቀሽኝ ነበር። "እግዜር አልሰጣትም" አልኩሽ። ሰጥቷት ነበር። ያኔ እዚሁ አንድ ፋብሪካ ፈትል ክፍል አብረን ነበርን። የቀረ ሰው ቀኑ ይቆረጥበታል፤ እኔ ደግሞ የቤት ኪራይ ነበረብኝ። በትኩሳት እየነደድኩ ገባሁ። እሷ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። አዘነችልኝና ከራሷ ኩባያ ሻይ አጠጣችኝ። በሦስተኛው ቀን ወደቀች። ወደ ሳንባ ምች ዞረባት። እሷ ተረፈች፣ ጽንሱ አልተረፈም። ከዚያ ወዲያ አልፀነሰችም። ይህ በሽታ ነፍሰ ጡርን ይበልጥ እንደሚጎዳ የሰማሁት በኋላ ነው። ከማን እንደያዛት ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔም አልነገርኳት። አንቺን ክርስትና አንሺልኝ ያልኳት ለዚያ ነው። ይኸው 24 ዓመት ልነግራት እሄድና ቡና ጠጥቼ እመለሳለሁ።

ባለፈው ፋሲካ ይዘሻት የመጣሽው ልጅ፣ አጠገብሽ የምትሰፋው፣ አርግዛለች አላልሽኝም? ልጄ፣ እባክሽን። ትኩሳት ካለብሽ አትግቢ።

ደሞዜ ይቆረጣል እንዳትይኝ። የሙከራ ጊዜሽን ጨርሰሻል። በአዋጅ 1156/2011 የሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደሞዝ ይከፈላል። ግን በቀረሽ በማግስቱ ማሳወቅ አለብሽ፣ የሐኪም ወረቀትም ይፈለጋል። ስለዚህ ዛሬውኑ ለሱፐርቫይዘርሽ ደውዪ፣ ነገ በጠዋት ጤና ጣቢያ ሂጂ። ዝም ብለሽ አሞክሳሲሊን ገዝተሽ እንዳትውጪ፣ ቫይረስ አይገድልም። መተንፈስ ካቃተሽ ወይም ደረትሽን ከወጋሽ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል። ፓራሲታሞል ሳትውጪ ትኩሳቱ ከለቀቀሽ በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ጠብቂ። ከዚያ በፊት አትግቢ ብያለሁ።

ወንድምሽ ነገ አጥሚት በፔርሙስ ይዞልሽ ይመጣል። ከበር ላይ ተቀበይው፣ እንዳይገባ። ብርድ ልብሱንም ልኬልሻለሁ።

የክርስትና እናትሽ ከደወለችልሽ ስለዚህ ነገር ምንም እንዳትያት። እሁድ ከቅዳሴ መልስ እሄዳለሁ፣ ራሴ ነኝ የምነግራት።

እናትሽ