የስክሪን ደን መስኮትን አይተካም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በምስል የሚቀርብ ተፈጥሮ የታካሚዎችን መንፈስ እንደሚያድስ የሚገልጸው ጽሑፋችሁ ጠቃሚ ቢሆንም፣ ስክሪንን ከመስኮት እኩል ማስቀመጡ ግን ማስረጃውን የተከተለ አይደለም።

ሮጀር ኡልሪክ እ.ኤ.አ. በ1984 በሳይንስ መጽሔት ያሳተሙት ጥናት፣ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ታካሚዎች መካከል በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩት የጡብ ግንብ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል እንደወጡና ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ እንደወሰዱ ያሳያል፤ ጥናቱ የተመለከተው ግን መስኮትን እንጂ ስክሪንን አልነበረም። ፒተር ካንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ሁለቱን ባነጻጸሩበት ሙከራ፣ ከቀላል ውጥረት በኋላ የልብ ምታቸው ፈጥኖ የተረጋጋው በመስታወት መስኮት አጠገብ የተቀመጡት ሰዎች ሲሆኑ፣ ያንኑ ዕይታ በቀጥታ የሚያሳየው ትልቅ ስክሪን ከባዶ ግድግዳ የተሻለ ውጤት አላስገኘም።

ምስሉ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት፣ ሆን ተብሎ እንዲሰለቹ የተደረጉ ሰዎች የባሕር ውስጥ ትዕይንት በቴሌቪዥን ሲያዩ እንኳ መሰልቸታቸው ቀንሷል። በኩላሊት እጥበት ማሽን ላይ አራት ሰዓት ያህል ለሚቀመጥ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ሆስፒታሎቻችን (የቆዩት በተለይ ግቢያቸው ዛፍ አያጣም) በቅድሚያ አልጋዎችን ዛፍ ወደሚያሳዩ መስኮቶች እንዲያዞሩ፣ ስክሪኑንም መስኮት ለሌላቸው የእጥበትና የፅኑ ሕሙማን ክፍሎች እንዲመድቡ ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ