ፈላስፋው በአንድ ሌሊት አክሱም አይገባም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ቅዳሜ ቅዳሜ በተከታታይ የምታወጡትን ታሪካዊ ልብ ወለድ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሬ እያነበብሁ ነው። ከአቴና ተነሥቶ በእስክንድርያ በኩል ወደ ንጉሥ ኢዛና አገር የሚመጣ ፈላስፋ ታሪክ በአማርኛ ማግኘት ደስ ይላል፤ ለደራሲው ምስጋናዬ ይድረሰው። ባለፈው ሳምንት ግን ትዕግሥቴ አለቀ። ፈላስፋው ፀሐይ ስትጠልቅ አዱሊስ ላይ ከመርከብ ወረደ፣ ፈረስ ተከራየ፣ ጎህ ሲቀድ አክሱም ገባ። በቃ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር!

እኔ ከአዳማ ጅቡቲ ተሳቢ የምነዳ ሰው ነኝ። ከባሕር ጠረፍ ጭነት ይዞ ወደ ደጋ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ምሁር መሆን አያስፈልግም። በአስፋልትና በሞተር እንኳ ዳገቱ ሰውን ያስለምናል። አህያና የሰው ትከሻ ብቻ በነበረበት ዘመንማ እንዴት ይሆን?

መልሱ ተጽፎ ይገኛል። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቀይ ባሕርንና የሕንድ ውቅያኖስን የንግድ መስመር የጻፈው ስሙ ያልታወቀ ሰው ከአዱሊስ እስከ ቆሎኤ ሦስት ቀን፣ ከዚያ እስከ አክሱም ሌላ አምስት ቀን ያስኬዳል ይላል። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የምሥራቅ ሮም ንጉሠ ነገሥት የዮስጢንያኖስ መልእክተኛ ሆኖ የመጣው ኖኖሶስ ደግሞ መንገዱ አሥራ አምስት ቀን ነው ብሏል። ሊቃውንት ይከራከሩበት፤ እኔ ሁለቱንም አምናለሁ። ነጋዴ ገበያ እንዳያመልጠው ይሮጣል፣ የመንግሥት መልእክተኛ ግን አጃቢው፣ ድንኳኑና ግብዣው ብዙ ነው። በአጀብ የተጓዘ ሁሉ ይህን ያውቃል።

ይኸው ኖኖሶስ በመንገድ ላይ፣ አዌ በምትባል ስፍራ አጠገብ፣ 5,000 የሚያህሉ ዝሆኖች ሰፊ ሜዳ ላይ ሲግጡ አየሁ ይላል። እኔን የያዘኝ ግን ስለ አየሩ የጻፈው ነው፦ ከአዌ ወደ ባሕሩ በጋ በሆነበት ወቅት ከአዌ ወደ አክሱም ከባድ ዝናብ ያለበት ክረምት ነው። እውነቱን ነው። በሐምሌ ከአዳማ ስነሣ ዝናብ መጥረጊያው እየሠራ፣ ጃኬት ደርቤ ነው። ገዋኔን ሳልፍ ሸሚዙ ጀርባዬ ላይ ይጣበቃል፤ ሚሌ ላይ የጋቢናው በር እጀታ በጨርቅ ካልሆነ አይያዝም። ደራሲያችን ለፈላስፋው እንዲህ ያለ አንድ ቀን ቢሰጠው ኖሮ ስለ ተፈጥሮ መለዋወጥ የተናገረው ሁለት ዓምድ ንግግር ይቀርልን ነበር።

በንጉሡ ግብር ላይ ስለቀረበው ቀይ ወጥ ብዙ አልልም። በርበሬ ወደ እኛ አገር የመጣው ኮሎምበስ በ1492 ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ ነው። ደራሲው ሲጽፍ እርቦት ይሆናል ብዬ አልፌዋለሁ።

ይልቅ የሚያስቆጨኝ ፍልስፍናው ነው። ፈላስፎች በዚያ ባሕር በእርግጥ አልፈዋል። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ የጻፈውን እንይ። የጢሮሱ ፈላስፋ ሜሮፕዮስ፣ ከእሱ በፊት የተጓዘውን ሜጥሮዶሮስን አርአያ አድርጎ፣ የሚያስተምራቸውን ሁለት ልጆች ይዞ ሕንድን ሊያይ ወጣ። ሲመለስ መርከቧ ውኃና ስንቅ ፍለጋ ወደብ ያዘች። የአካባቢው ሰዎች ከሮማውያን ጋር የነበራቸው ውል ፈርሶ ነበርና ፈላስፋውንና መርከበኞቹን ገደሏቸው። ልጆቹ ግን ዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙ፤ ታዝኖላቸው ወደ ንጉሡ ተወሰዱ። ኤዴስዮስ የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ ሆነ፤ ፍሬምናጦስ፣ ኋላ አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃን ያልነው፣ ሒሳቡንና መዝገቡን ያዘ። ሜሮፕዮስ አንዲት ጥቅስ እንኳ አልተወልንም። ያ ሁሉ የሆነው ውኃ በማለቁ ነው። የእኛ ፈላስፋ ግን እስካሁን ውኃ ሲጠጣ አላየሁትም።

ከዚያም የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ አለ፤ በዐፄ ካሌብ ዘመን አዱሊስን ያየ ሰው ነው። ከአክሱም ወርቅ ፍለጋ ወደ ሳሱ ስለሚወርዱት ነጋዴዎች ሲጽፍ፣ ከአምስት መቶ የሚበልጡ ሆነው እንደሚሄዱ፣ መሄድ መመለሱ ስድስት ወር እንደሚፈጅ ይናገራል። ሲደርሱ በእሾህ አጥር ያጥራሉ፣ በሬ ያርዳሉ፣ ሥጋውን፣ አሞሌውንና ብረቱን እሾሁ ላይ ያኖራሉ። የአገሩ ሰው መጥቶ የወደደው ዕቃ ላይ የወርቅ ፍሬ አስቀምጦ ወደ ኋላ ይላል። ባለ ዕቃው ዋጋው ከበቃው ወርቁን ይወስዳል፤ ካልበቃው ሳይነካው ይተወዋል፤ ያኛውም ወይ ይጨምራል ወይ ወርቁን አንሥቶ ይሄዳል። አስተርጓሚ ስለሌለ ማንም ማንንም አያናግርም። አንድ ፈላስፋ እዚያ አጥር ሥር ተቀምጦ ቢያይ ስለ መተማመንና ስለ ፍትሕ ስንት ነገር ያስብ ነበር! ደግሞ ይኸው ኮስማስ ያን ሁሉ ባሕር ዞሮ ሲያበቃ ምድር ጠፍጣፋ ናት፣ ዓለምም በሙሴ ደብተራ፣ ማለት በመገናኛው ድንኳን፣ አምሳል የተሠራች ናት ብሎ መጽሐፍ ጻፈ። መንገድ ሰውን ሁልጊዜ አያስተምርም፤ ከባልደረቦቼ መካከልም ብዙ ኮስማሶች አውቃለሁ። ለልብ ወለድ ከዚህ የተሻለ ገጸ ባሕርይ ከየት ይመጣል?

በሚቀጥለው ክፍል ፈላስፋው ወደ ባሕር እንደሚመለስ አስታውቃችኋል። እባካችሁ ለደራሲው አድርሱልኝ፦ ቁልቁለቱ ከዳገቱ አይቀልም፤ የአህያው ጭነት ወደ አንገቱ ይንሸራተታል፣ የእኛም ፍሬን ይግላል። በዓይኑ ማየት ከፈለገ ጋቢናዬ ውስጥ ቦታ አለ። የምንነሣው ከሌሊቱ በአሥር ሰዓት ነው፤ ውኃ ይዞ ይምጣ።

የከባድ መኪና አሽከርካሪ አንባቢያችሁ
ከአዳማ