በአንድ ፀደይ ማራቶንም ትራያትሎንም

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፣ ስለ ማራቶን ሁሌ ትፅፋላችሁ ደስ ይለናል፣ ስለ ትራያትሎን ግን ምንም የለም። እኔ ቦስተን አካባቢ ነኝ፣ ማራቶኑ ኤፕሪል ሶስተኛው ሰኞ ነው፣ ጁን ላይ ደሞ ትራያትሎን አለብኝ፣ 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና 40 ሳይክል 10 ሩጫ። አምና ሁለቱንም እኩል ልያዝ ብዬ ማርች ላይ ቅልጥሜን ያቃጥለኝ ጀመር፣ ደረጃ የምወርደው ግድግዳ ይዤ ነበር። ዘንድሮ ሩጫውን አራት ቀን አደረኩት፣ ከረጅሙ ሩጫ ማግስት ዋና ነው የምገባው፣ ልብና ሳንባ ይሰራል እግር ግን አስፋልት አይመታም። ሳይክል በሳምንት አንዴ ብቻ፣ ጠንከር የሚለው ከማራቶኑ ሁለት ሳምንት በኋላ ነው፣ ምክንያቱም ማራቶኑ ሲጀመር ያለው የሆፕኪንተን ቁልቁለት ጭንን ከጨረሰው በኋላ የኒውተን ዳገት ይመጣል፣ በሳይክል የዛለ እግር እዛ ጋ አይሆንም።

ትልቁ ጉዳይ ግን ሁዳዴ ነው፣ 55 ቀን ሙሉ! ቅዳሜ ሰዓት ስለማይጾም ረጅሙን ቅዳሜ አድርጌዋለሁ፣ ጠዋት በሶ በጥብጬ ጠጥቼ እወጣለሁ፣ የማክሰኞው ፈጣን ሩጫ ደሞ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ምስር በልቼ ማታ ላይ ነው። እንደኔ የሚጾም ብዙ ሯጭ አለ፣ እባካችሁ አንድ የስፖርት ሀኪም ጠይቁልን።

አንባቢያችሁ፣ ከቦስተን