ክረምቱ ሳይገባ፦ ከጋዜጣ የተቆረጡ የአሰብ ፎቶዎችን ለማዳን የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የቀድሞ የአሰብ ነዋሪዎች፣ በወደቡ የሠራችሁ፣ በአሰብ መንገድ ከነተሳቢው ያሽከረከራችሁ፣ አሰብን ከወላጆቻችሁ ወሬ ብቻ የምታውቁ ልጆች፤

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን ሣጥን ከፈቱልን። ባለቤታቸው ዕድሜያቸውን በወደብ ሥራ የጨረሱ ሰው ነበሩ። ከጡረታ ደብተራቸውና ከደረሰኞች ሥር፣ በመቀስ ከጋዜጣ የተቆረጡ ፎቶዎች በክር ታስረው ተቀምጠዋል። ከላይ የነበረው የነዳጅ ማጣሪያው ፎቶ ነው። ጠርዙ ላይ በእስክሪብቶ «1967» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ሌላ ምንም የለም።

በዚህች አንዲት ቁጥር ግማሽ ቀን ተከራከርን። ማጣሪያው ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 በመሆኑ አንዳንዶቻችን «የምረቃው ሰሞን ፎቶ ነው» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «ሰውየው ለራሳቸው ማስታወሻ የፈረንጅ ዘመን ምን ይሠራላቸዋል? 1967 ዓ.ም. ማለታቸው ነው» ብለን ሞገትን። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሰባት እስከ ስምንት ዓመት ነው፤ በዚያ መሐል ደግሞ ንጉሡ ወርደው ደርግ ገብቷል። በመጨረሻ ነገሩን የቋጨችው ወረቀቱን የገለበጠችው ልጅ ናት። ከጀርባው መቀስ ለሁለት የከፈለው ዜና አለ፤ ከተረፈው ዓምድ ላይ «...ያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደር...» የሚል ይነበባል። ክርክሩ እዚያው አለቀ። ጀርባውን ባናይ ኖሮ ይህ ፎቶ እስከ ዛሬ የምረቃ ፎቶ እየተባለ ይኖር ነበር።

ስለ ገንዘብ ከማውራቴ በፊት ይህን ያነሣሁት፣ ልንሠራ ያሰብነው ሥራ ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ስለሌለኝ ነው። በየቤቱ ሣጥን፣ በየፍራሹ ሥርና በየመጽሐፉ ገጽ መካከል የቀሩትን የአሰብ የጋዜጣ ፎቶዎች ፊታቸውንም ጀርባቸውንም በስካነር አንሥተን፣ ቀናቸውን አጣርተን፣ በውስጣቸው ያለውን ሰውና ሕንፃ ከሚያውቅ ሰው አፍ ተቀብለን፣ ማንም ያለ ክፍያ በሚያየው አንድ ስብስብ ውስጥ ማኖር እንፈልጋለን።

አሰብና የአማርኛ ጋዜጣ ዕድሜያቸው የተሳሰረ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በእርግጥ የቦታው ታሪክ ሩቅ ነው፤ አፋሮች ከሁሉ በፊት ነበሩ። የጣሊያኑ የሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ የባሕር ዳርቻውን መሬት የገዛው እ.ኤ.አ. በ1869 ነው፤ በ1882 ደግሞ የጣሊያን መንግሥት ተረከበው። ከደሴ ጋር የሚያገናኘው የመኪና መንገድም በጣሊያን ወረራ ዘመን ተሠራ። ነገር ግን አዲስ ዘመን ጋዜጣ የመጀመሪያ እትሙን ያወጣው ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ሲሆን፣ በቀይ ባሕር ላይ በጣሊያን እጅ የቀረው የመጨረሻው ወደብ አሰብ ከኤደን በተሻገሩ የሕንድ ወታደሮች የተያዘው ከአራት ቀን በኋላ ሰኔ 4 ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው የከተማዪቱ ዕድገት፣ የፌዴሬሽኑ ጊዜ፣ የማጣሪያው መተከል፣ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ የእርዳታ እህል ከመርከብ ሲራገፍ፣ በ1980 ዓ.ም. አሰብ ራስ ገዝ ስትባል፣ ሁሉም በጋዜጣ ዘመን ውስጥ ነው። ከግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ ጭነቱ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ፤ ፎቶውም አብሮ ቆመ።

እነዚህን ፎቶዎች ደጋግሜ ሳይ አንድ ነገር ገባኝ። ፎቶ አንሺው የተላከው ለባለሥልጣን ነው። ሪባኑን፣ ሰላምታውን፣ በእጅ የሚጠቆመውን ማሽን ያነሣል። ከተማዪቱ ግን ሳትጠራ በጠርዝ በኩል ትገባለች። ከሣጥኑ ከወጡት አንዱን ልንገራችሁ። አራት ባለሥልጣናት ክራቫት አስረው ከመርከብ ማቆሚያው ላይ ቆመዋል፤ የፎቶው መግለጫ ስማቸውን ከነማዕረጋቸው ይዘረዝራል። በግራ ጥግ ግን ባዶ ጆንያ አንዱን ማዕዘን ወደ ውስጥ አጥፎ እንደ ቆብ በራሱ ላይ የደፋ ጫኝና አውራጅ አለ። ግማሽ ፊቱ ተቆርጧል። ዓይኑ ወደ ካሜራው ነው፤ ሙቀቱ ፊቱን አጨፍግጎታል። ከኋላው ግልጽ አሸዋ ይታያል። በሌላ ቁራጭ ላይ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በተነሣ ፎቶ፣ ያ አሸዋ መጋዘን ሆኗል፤ ከመጋዘኑ ፊት ተሳቢዎች ተራ ይዘው ቆመዋል። ስለ አሸዋውም ስለ መጋዘኑም ከሁለቱ መግለጫዎች አንዱም ትንፍሽ አላለም። ለእኔ የአሰብ ዕድገት ያለው እዚያ ጠርዝ ላይ ነው፤ ባለሥልጣናቱንማ ሌላ ቦታም እናገኛቸዋለን።

ጠርዙን የሚያነብልን ደግሞ ሰው ነው። አንድ የቀድሞ ትራንዚተር አንዱን ፎቶ ገና ሲያዩት «ይህ ካምፖ ሱዳን ነው፤ አሰብ ከቢር ብላችሁ የጻፋችሁት ስሕተት ነው» ብለው አረሙን፤ ሁለቱም የአሰብ ሰፈሮች ናቸው። ከአጥሩ አሠራር ለዩት። እሳቸው ዛሬ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። ቀልዱን ትቼ እናገራለሁ፤ ወረቀቱም ሰውየውም አይጠብቁንም።

ስለ ወረቀቱ ጥቂት ልበል። የጋዜጣ ወረቀት ከተፈጨ እንጨት የሚሠራ ነው፤ በውስጡ ያለው ሊግኒን የተባለ ነገር ብርሃንና አየር ሲያገኘው ወረቀቱን ቢጫ ያደርገዋል፣ ቀጥሎም እንደ ደረቅ ቅጠል ያሰባብረዋል። ፎቶው ራሱም የተሠራው ከጥቃቅን ነጥቦች ነው። በስልክ አንሥታችሁ ስታጎሉት ፊት ፈልጋችሁ ነጥብ የምታገኙት ለዚህ ነው፤ አንዳንዴም በጨርቅ ላይ እንደሚታይ ሞገድ የመሰለ መስመር ይጥልበታል። በኢንች 600 ነጥብ በሚያነሣ ስካነር ተነሥቶ፣ ነጥቦቹ በኮምፒውተር ሲለዝቡ ግን ብዙ ነገር ይመለሳል። የመርከብ ስም ያነበብንበት ጊዜ አለ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የሚያስፈልገን 640,000 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 290,000ው ሰፊ የጋዜጣ ገጽ ለሚይዝ ስካነር፣ 210,000ው ሁለት ወጣቶች ወደ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ድሬዳዋና አዲስ አበባ ውስጥ ወዳሉ አረጋውያን ቤት ላፕቶፕና ስካነር ይዘው ለሚሄዱበት የመጓጓዣና የውሎ አበል፣ 90,000ው ቅጂዎቹን በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ለማስቀመጥ፣ ቀሪው 50,000 አሲድ ለሌለው ወረቀትና ለካርቶን ነው። እስካሁን በመካከላችን 175,000 ብር አዋጥተናል። ለአስተባባሪዎቹ፣ እኔን ጨምሮ፣ አንድም ሳንቲም አይከፈልም። ሒሳቡ የሚንቀሳቀሰው በሦስት ሰዎች ፊርማ ነው፤ በየወሩ የገባውንና የወጣውን ከነደረሰኙ እንለጥፋለን። የሒሳብ ቁጥሩን በውስጥ መልእክት ለጠየቀ ሁሉ እንልካለን፤ በዚህ ጽሑፍ ላይ ያላወጣነው አስመሳዮች ቁጥር ቀይረው እንዳያሰራጩት ነው። መቶ ብርም ትሁን አታሳፍርም። በዕድራችን ልማድ የሰጪ ስም እንጂ የሰጠው መጠን አይነበብም፤ እዚህም እንዲሁ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልቁረጥ። ይህ ሥራ ስለ ወደብ ባለቤትነት አይደለም። አሰብ ዛሬ የኤርትራ ከተማ ናት፤ ስብስቡ ሲከፈት አስመራ ያለውም፣ አሰብ ያለው አፋርም፣ የመን የተመለሰ የነጋዴ ልጅም እኩል ያየዋል፤ የሚያርመን ካለም እጅ ነሥተን እንቀበላለን። የባለቤትነቱን ክርክር የሚፈልግ ሰው ሌላ ቦታ ሞልቶለታል፤ በዚህ ጥሪ ሥር የሚጻፍ እንዲህ ያለ አስተያየት ይሰረዛል።

ገንዘብ የሌለው ፎቶ ያሳየን። ፎቶውን እንድትሰጡን አንጠይቅም፤ ቤታችሁ ድረስ መጥተን አንሥተን እዚያው እንተወዋለን። ከጋዜጣ የተቆረጠ ብቻ ሳይሆን ፎቶ ቤት የታጠበ ዋናው ካለ ደግሞ በእጥፍ ደስ ይለናል፤ በላዩ ላይ ነጥብ የለበትምና። እስከዚያው ግን እባካችሁ በፕላስተር አትለጥፉት፤ ሙጫው ውሎ አድሮ ቡናማ ሆኖ ወደ ፊቱ ይዘልቃል። በላስቲክም አታሽጉት፤ ላብ ያጠራቅማል። የታጠፈውን በኃይል አትዘርጉት፤ የሚሰበረው እጥፋቱ ላይ ነው። በሁለት ንጹሕ ካርቶን መካከል፣ ከመስኮት ራቅ አድርጋችሁ፣ ጋደም አድርጋችሁ አስቀምጡልን። በጠርዙ ላይ የተጻፈ ነገር ካለ፣ የስልክ ቁጥርም ይሁን የሸቀጥ ዋጋ፣ አትፋቁት።

የጠፉ ገጾችን ለማሟላት በወመዘክር (በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) የሚገኙትን የጋዜጣ ጥራዞች እናያለን፤ ይሁን እንጂ ጥራዝ ውስጥ ያለ ጋዜጣ ጠርዙ ላይ የማንም እጅ ጽሑፍ የለበትም። ለዚህ ነው ሣጥኖቹን ማስቀደም የመረጥነው።

ከሁሉ የሚያስቸኩለን በኮምቦልቻ ያለ አንድ ካርቶን ነው። ባለቤቱ አሰብ ሳሉ ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ ከተማዪቱ የወጣ ፎቶ ሁሉ ቆርጠው ያጠራቀሙ አባት ናቸው፤ ቁጥሩን እሳቸውም አያውቁትም። ካርቶኑ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ባለፈው ሳምንት ስንደውልላቸው «ከሰኔ በፊት ከመጣችሁ ሁሉንም ታያላችሁ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ያ ጣሪያ አያስተማምንም» አሉን። ስካነሩን እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ከገዛን እንደርሳለን።