የወደቀች ሞተር ሳትፈተሽ ስለተሰጠችኝ የቀረበ ቅሬታ

ይድረስ ለጋራዡ ባለቤት
ደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። ቦክሰር ሞተር ሳይክሌን ዘይት ለማስቀየርና ካቴናዋን ለማስጠበቅ እናንተ ጋ አምጥቼ ነበር። የግብርና ባለሙያ ነኝ። ክረምት ከገባ ወዲህ ከቀበሌ ቀበሌ የምዞረው በእሷ ስለሆነ ጉዳዩን ቀለል አድርገው እንዳያዩብኝ አደራ።

ሥራው አልቆ አንዱ የጋራዡ ልጅ ከመሃል መቆሚያዋ ሊያወርዳት በግራ በኩል ሆኖ ሲገፋት ወደ ቀኝ ተደፋች። መሬቱ ዘይትና ጭቃ ስለነበር ሊይዛት አልቻለም። ይሄ በማንም ላይ ይደርሳል፤ ልጁንም አልተቆጣሁትም፣ እንዲያውም እግሩን እንዳትመታው ነበር የደነገጥኩት። የከፋኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አነሷት፣ ሰርባቶዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ላይ የፈሰሰውን ቤንዚን በጨርቅ ጠረጉ፣ ወዲያው ረግጠው አስነሷት። ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ጭስ ቡልቅ አለ። «ምንም አልሆነችም፣ ይሂዱ» ተባልኩ። ሂሳቡንም ሙሉውን ተቀበላችሁኝ።

ሆናለች እንጂ!

ወደ አማኑኤል ስሄድ ቁልቁለት ላይ ጋዙን ለቀቅኩት፣ ሞተሯ ግን አልቀነሰችም። ከፊቴ እህል የጫነ አይሱዙ አለ። ፍሪሲዮን ይዤ ቁልፉን አጠፋሁና በስንት መከራ ዳር ይዤ ቆምኩ። ወርጄ ሳያት የቀኝ እጀታው በመውደቋ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ከማብሪያ ማጥፊያው ጋር ተጣብቋል፤ ጋዙ ቢለቀቅም በራሱ አይመለስም። የፊት ፍሬኑ መጨበጫ ሥሩ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለችው፤ ጥፍሬን ሳሳልፍባት ያዘችኝ። የኋላ ፍሬኑ ፔዳል ታጥፎ የሞተሩን ክዳን ይነካል። መሪውን ቀጥ አድርጌ ስይዘው ደግሞ ጎማው ትንሽ ወደ ግራ ያያል።

ይሄን ሁሉ እኔ መካኒክ ሳልሆን መንገድ ዳር ቆሜ በዓይኔ አየሁት። እናንተ እንዴት አላያችሁትም?

ስለ ጭሱም ዝም ብዬ አላልፍም። የወደቀች ሞተር ዘይቷ በመተንፈሻው በኩል ወደ አየር ፊልትሮው፣ ከዚያም ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ እየተቃጠለ ሊያጨስ ይችላል፤ ከካርቡሬተሩም ቤንዚን ይፈሳል። ፈሳሽ ደግሞ እንደ አየር አይታመቅም፤ ፒስተኑ አናት ላይ በብዛት ተጠራቅሞ ሳለ በጉልበት ከተረገጠ ቢየላውን፣ ማለት ፒስተኑን የሚገፋውን ዘንግ፣ እስከማጣመም ይደርሳል። ስለዚህ መጀመሪያ የቤንዚን ቧንቧውን ዘግቶ ቀጥ አድርጎ ጥቂት ማቆም፣ የዘይቱን መጠን ማየት፣ ፊልትሮውን መክፈት፣ ከተጠረጠረም ካንዴላውን ፈትቶ ቀስ እያሉ መርገጥ ነበር። ጋዙንም መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ ጥግ አዙሮ መሞከር ነበር፤ ሲለቁት ቷ ብሎ መመለስ አለበት። የጎማው መጣመም እንኳ ብዙ ጊዜ ፎርኩ (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ) በመያዣው ውስጥ ዞሮ ነውና ቡሎኖቹን አላልቶ፣ አስተካክሎ ማጥበቅ ይበቃው ይሆናል። ግን መጀመሪያ ማየት ያስፈልጋል። ሰው ሻይ ጠጥቶ እስኪመለስ የሚያልቅ ሥራ ነው።

ከእናንተ ግቢ ሞተር ተቀብሎ ወደ ሮብ ገበያ ዳገቱን የሚወጣ አለ፣ ወደ የጁቤ የሚሄድ አለ፣ ከኋላው እናቱን ወይም ልጁን አፈናጦ የሚነዳ አለ። ያ የተሰነጠቀ ፍሬን እነሱ እጅ ላይ ቢሰበርስ? ይሄን ሳስበው ነው የሚያንገበግበኝ።

አሁን የምፈልገውን ልንገርዎ። የፍሬን መጨበጫው በአዲስ ይቀየር፣ መጠገን የለበትም፤ በብየዳ የተያያዘ ፍሬን አልይዝም። ፔዳሉ፣ እጀታውና ፎርኩ ይስተካከሉ። ፊልትሮው፣ ዘይቱና ካንዴላው እኔ ባለሁበት ይታዩ። ይሄ ሁሉ ያለ ክፍያ። ሌላው፣ ግቢያችሁ ውስጥ የወደቀን ሞተር ሳትፈትሹና ለባለቤቱ «እዚህ እዚህ ጋ ተጎድቷል» ሳትሉ እንዳታስረክቡ ለልጆችዎ ይንገሩልኝ። ልጁን ግን ከደመወዙ እንዳይቆርጡበት፤ ፍተሻውን ማዘዝ የነበረበት አለቃው ነው።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት አገልግሎት ያለ ክፍያ እንዲደገምልኝ ወይም ገንዘቤ እንዲመለስልኝ የመጠየቅ መብት ይሰጠኛል። ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ከመሄዴ በፊት እርስዎን ማነጋገር ይሻላል ብዬ ነው የጻፍኩት።

ስልኬ መዝገባችሁ ላይ አለ፤ እስከ ቅዳሜ ይደውሉልኝ። ሞተሯን እየነዳሁ አላመጣትም፤ በመኪና ጭኜ ነው የማመጣት። የጭነቱንም ሂሳብ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ደንበኛዎ