ጣሪያውን በላነው

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ አባትህም ጉልበታቸውን ተሽሏቸዋል። የላክኸው ገንዘብ ደርሶናል። «ለቤት እንዳታውሉት፣ ወጣ ብላችሁ ብሉበት» ብለህ ነበር። እኔ በልቤ ለጣሪያው መድቤው ነበር፤ የጓዳው ቆርቆሮ ከአምና ክረምት ጀምሮ እንደሚያፈስ ታውቃለህ። አባትህ ግን ቃልህን እንደ ኑዛዜ ያዙት። «ልጁ ብሉበት ነው ያለው» አሉና ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ድሬዳዋና ሐረር ይዘውኝ ሄዱ። እናም ጣሪያውን በላነው። እንዴት አድርገን እንደበላነው በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር፤ አንተ ሥራ ላይ ሆነህ ትቸኩላለህ፣ እኔ ደግሞ የምግብ ወሬ በጥድፊያ አልወድም።

ልንሄድ ዋዜማ ሌሊቱን አልተኛሁም። ድፎ ዳቦ ጋገርኩ፣ ቆሎ ቆላሁ፣ በሶ ቋጠርኩ፣ ሚጥሚጣ በብልቃጥ ያዝኩ፣ ሁሉንም ዘንቢል ውስጥ ጠቀጠቅሁት። አባትህ ዘንቢሉን ሲያነሡት «ዘመቻ ነው እንዴ የምንሄደው?» አሉኝ። አልመለስኩላቸውም። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ሳበላ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ሌላ ሰው ያበላኛል ብዬ መንገድ መውጣት አላውቅበትም።

ከፉሪ በባቡር ተነሣን። አባትህን መምህርነቱ መቼ ለቀቃቸው፣ አዋሽ እስክንደርስ ድረስ ትምህርት ነበር። የድሮው ሐዲድ ከጂቡቲ ተነሥቶ እንደ ፈረንጆቹ በ1902 ሲመጣ፣ ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች መውጣቱ ከብዶት ከሥሯ ሌላ ከተማ መቆርቆሩን፣ ያም ከተማ ድሬዳዋ መሆኑን፣ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ይባል እንደነበር፣ ባቡሩም አዲስ አበባ እስኪገባ ሌላ 15 ዓመት መፍጀቱን ነገሩኝ። ከዚያ የራሳቸው ትዝታ መጣ። በወጣትነታቸው ከለገሀር ተሳፍረው ሲሄዱ በየጣቢያው ሴቶቹ የተቀቀለ እንቁላልና ፍራፍሬ ይዘው ወደ መስኮቱ ይሮጡ ነበር አሉ። «ጉዞው ራሱ ምሳ ነበር።» አሁን ወደ መስኮታችን የመጣ ሰው የለም። እኔም «አላልኩም?» በሚል ዓይን አይቻቸው ከዳቦው ቆርሼ ሰጠኋቸው። ከዚያ በኋላ ግን ዘንቢሉ እስከ ዓርብ ሳይከፈት ቀረ።

የመጀመሪያው ማታ ጥፋት የእኔ ነው። «ንጹሕ ቦታ ይሻላል» ብዬ ድሬዳዋ ያረፍንበት ሆቴል ምግብ ቤት አስቀመጥኳቸው። የምግብ ዝርዝሩ እንደ ዳዊት ወፍራም ነው፤ አስተናጋጁ ግን ለጠራነው ሁሉ «ዛሬ የለም» ይላል። በመጨረሻ ያለው ስፓጌቲ ብቻ ሆነ፤ እሱም ከአዲስ አበባ ድረስ ተከትሎን የመጣ ይመስል ነበር። አባትህ ምንም አልተናገሩም። ዝም ሲሉ እንዴት እንደሚያናድዱ ታውቃለህ።

ረቡዕ ጠዋት ምርጫው ወደ እሳቸው ተዛወረ። ከዚራ ወረድን። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ ግራና ቀኝ ጥላውን የጣለበት ሰፈር ነው፤ ፀሐዩ ሳይበረታ ደጅ ላይ መቀመጥ እንዴት ደስ ይላል መሰለህ። ጾም ነው ብዬ ስጨነቅ ለካ ፉል ጾም ነው። (መንገደኛ ነን ብለን ሰዓቱን አላከበርንም፤ ለነፍስ አባቴ እኔው እነግራቸዋለሁ፣ አንተ አትቅደመኝ።) ባቄላው ሌሊቱን ሲበስል አድሮ እንደ ቅቤ ሆኗል፤ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ከሙን አለበት፤ ዳቦው ከምድጃ እንደወጣ ጣት ያቃጥላል። እኔ በማንኪያ ገለባበጥኩት፣ አሸተትኩት፣ ከሙኑ ተቆልቶ ነው ወይስ በጥሬው እያልኩ ሳሰላስል አጠገባችን የተቀመጠ ጎልማሳ «አቦ እናቴ፣ ብዪው እንጂ ምን ትመረምሪዋለሽ!» አለኝ። አንቺ አለኝ! የማላውቀው ሰው! አባትህ እስኪያነቡ ሳቁ። ድሬዳዋ አንቱታ እንደማይታወቅ ያን ጊዜ ነው የነገሩኝ። መጀመሪያ ቅር አለኝ፣ ኋላ ግን ካገባሁ ወዲህ በጠረጴዛ ላይ «ብዪ» ያለኝ ሰው ትዝ ቢለኝ አጣሁ። እኔ ነኝ «ብሉ» የምለው። ዝም ብዬ በላሁ፤ ሳህኑን በዳቦ ጠረግሁት።

ከዚያ ቀፊራ ገበያ ገብተን ሙሽበክ ገዛን፤ ለእኔ ጣፋጭነቱ ይበዛል፣ አባትህ ግን ጣታቸውን እስኪልሱ በሉት። ወደ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሽቅብ እየወጣህ በሄድክ ቁጥር ነፋሱ ይቀዘቅዛል። አወዳይ ላይ የጫት ገበያው መንገዱን ዘግቶ ቆምን፤ ከጫቱ ሌላ የሚነገርለት ነገር አላየሁም።

ስለ ጀጎል ግንብ፣ ስለ አሚር ኑርና ስለ አምስቱ በሮች አባትህ ራሳቸው ይጽፉልሃል፤ በማስታወሻ ደብተር ይዘውታል። እኔ የማውቀው ፈረስ መጋላ አካባቢ የበላሁትን ፈጢራ ነው። ሠሪው ልጅ ሊጡን በዘይት በተቀባ መዳፉ እየደበደበ እንደ ሻሽ እስኪሳሳ ይዘረጋዋል፤ እጁን ያሳይ ነበር ብልህ ታምነኛለህ? ከዚያ አጣጥፎ የጋለ ብረት ላይ ይጥለዋል። እንቁላል ሊሰብርበት ሲል «ጾመኞች ነን» አልኩት። ሳይገረም እንቁላሉን ወደ ቦታው መልሶ ማር አፈሰሰበት። ከእኛ በፊት ስንት ጾመኛ እንዳስተናገደ ከእጁ ያስታውቃል።

ያረፍነው ግንቡ ውስጥ በአንድ የቆየ የሐረሪ ቤት ነው። ገብተህ የምታየው ቀይ ቀለም የተቀባ መደብ ነው፤ ከፍ ዝቅ ብሎ የተሠራው እንደየሰዉ ማዕረግ ነው፣ ነደባ ይሉታል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ስፌት ተሰቅሎበታል፤ የእኔ መሶብ አጠገቡ ቢቆም ያፍራል። የቤቱ እመቤት በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ከፍ ይላሉ። ገና እንደተቀመጥን ቁጢ አመጡልን። ቁጢ የቡና ቅጠል ነው፤ የደረቀውን ምጣድ ላይ ያምሱታል፣ ያደቁታል፣ ያፈሉታል፣ ጨው ጣል ያደርጉበታል። የቡና ገለባ በወተት ሲፈላ ደግሞ ሆጃ ይባላል፤ እሱን ሐሙስ ጠጣሁት። «ፍሬው ወደ ገበያ ይሄዳል፣ ቅጠሉና ገለባው ለእኛ ይቀራል» አሉኝ እመቤቲቱ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሐረር ቡና እያልኩ ስገዛ፣ ባለቤቶቹ ቤታቸው የሚጠጡት ሌላ መሆኑን አላውቅም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሐሙስ ምሳ የሚሠራው ሁልበት መረቅ ነበር። ሁልበት ማለት አብሽ ነው፤ ከሥጋ መረቅ ጋር ይሠራል። የሥጋው ነገር አስጨነቀኝ። እንዴት እንደምናደርግ ታውቃለህ፤ ባራኪው ሌላ ከሆነ እኛም የእነሱን አንበላም፣ እነሱም የእኛን። እንግዳ ሆነህ የቀረበልህን አልበላም ማለት ግን ምላስ ያስራል። ሌሊቱን ሙሉ ምን ብዬ እንደምል ሳውጠነጥን አደርኩ። ጠዋት ተነሥቼ «ላግዝዎት» ብዬ ማድ ቤት ስገባ እሳቱ ላይ ሁለት ድስት አየሁ። እመቤቲቱ ትንሹን በማማሰያ እያመለከቱ «ይኸኛው የእናንተ ነው፤ ድንች እንጂ ሥጋ የለበትም» አሉኝ። ሳልጠይቅ! ማታ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ ሲያዩ ነው ለካ ያሰቡት። ሽንኩርት ልክተፍ ብዬ ቢላዋ ሳነሣ ከእጄ ወስደው ክንዴን ይዘው ወደ ሳሎን መለሱኝና ከፍ ካለው መደብ ላይ አስቀመጡኝ። «የእርስዎ ቦታ እዚህ ነው።»

ተቀመጥኩ። እጄን የት እንደማደርገው ቸገረኝ። ከማድ ቤት የሽንኩርቱ ድምፅ ይሰማኛል፣ አብሹ ሲመታ ይሰማኛል፣ እግሬ ተነሽ ተነሽ ይለኛል። አባትህ ከታችኛው መደብ ሆነው ያዩኛል። «በቤታችን እኔ ሁልጊዜ የምቀመጠው እንዲህ ነው» አሉኝ፤ ያሉበት መንገድ ግን የቀልድ አልነበረም። ምሳው ሲመጣ አብሹ እንደ አረፋ ተነፍቶ ድንቹ ላይ ተኝቷል። መራራ ይሆናል ብዬ ነበር፤ አይደለም፣ ተዘፍዝፎ መራራነቱ ወጥቷል። እንዴት እንደሚዘፈዘፍ አልጠየቅሁም። ጥያቄው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት፤ ምግቡን ምግብ ብቻ አድርጌ ልብላው ብዬ።

ማታ አባትህ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሊያበሉ ሄዱ። ሥጋውን እንጨት ላይ ሰክተው ሲሰጡ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጅቡ ግን በሥርዓት ነው የወሰደላቸው።

ይህን ስጽፍልህ ያ የቺካጎ ጉዞህ ትዝ አለኝ። ከጓደኞችህ ጋር ለሁለት ቀን ሄደህ ምን በላህ ብዬ ስጠይቅህ «የሀበሻ ምግብ ቤት አግኝተን ሁለቱንም ቀን እዚያ በላን» አልከኝ። ያን ጊዜ መርቄህ ነበር። አሁን ምርቃቴን አላነሣም፣ ግን እንጀራውማ ሚኒያፖሊስም አለልህ። የቺካጎ ሰው ምሳውን ምን ይበላል? ደግመህ ስትሄድ እሱን በልተህ ጻፍልኝ። የጾሙን ነገር እንዳትረሳ።

ዓርብ ጠዋት ልንወጣ ስንል ዘንቢሉን ፈታሁ። ድፎው ደርቋል፣ ኮባው ግን ሽታውን ጠብቆታል። አፍሬ ልደብቀው ስል እመቤቲቱ አዩት። ቆራርሰው ምጣድ ላይ አሞቁትና በቁጢ በላነው። ጥቁር አዝሙድ እንዳለበት በምላሳቸው ለዩ፤ ከዚያ በምን እንዳቦካሁት፣ ስንት ሰዓት እንዳሳደርኩት፣ እሳቱን ከላይም ከታችም ማድረጌን አንድ በአንድ ጠየቁኝ። እኔ ሳልጠይቅ የዋጥኩትን እሳቸው አልዋጡትም። አወራን፣ መኪናው ሊያመልጠን ነበር። ባዶውን ዘንቢል በቁጢ ቅጠልና በሐላዋ ሞሉልኝ፤ ሐላዋውን ጎረቤት ጨረሰው።

ትናንት ሌሊት ከባድ ዝናብ ነበር። የጓዳው ቆርቆሮ አፈሰሰ፤ አባትህ ተነሥተው ባልዲ ከሥሩ አደረጉበት። እኔ ልነሣ ስል «አንቺ ተቀመጪ» አሉኝ። ከዚያ ጓዳ ውስጥ ዕቃ ሲንኳኳ ቆየና ቁጢ አፍልተው መጡ። ጨው አብዝተውበታል። ጠጣሁት።

እናትህ