ለስኳር አበባ የሚሆን ፎንዳንት

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፣

ስለ ኬክ ማስጌጥ ያወጣችሁትን አነበብኩ። ጥሩ ነው፣ ግን ከፎንዳንት (እንደ ሊጥ ከሚዳመጥ የስኳር ልባስ) የሚሠራው አበባ ላይ ስትደርሱ «ፎንዳንቱን በደንብ ማሸት» ብላችሁ አለፋችሁት። ችግሩ እኮ እሱ አይደለም! ኬክ የሚለብሰው ፎንዳንት እንዲለጠጥ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ፣ ቢያሹት ቢያሹት የአበባው ቅጠል ቀጥ ብሎ አይቆምም። እኔ ራሴ ማታ የሠራሁትን ጽጌረዳ ጠዋት ስነሳ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተኝቶ ያገኘሁበት ጊዜ ብዙ ነው።

መላው ሲኤምሲ (CMC) የሚባለው፣ ፎንዳንትን የሚያጠነክር የሚበላ ዱቄት ነው። ለ250 ግራም ፎንዳንት 1 የሻይ ማንኪያ ገደማ ጨምሮ ማሸት፣ ከዚያ በላስቲክ ጥብቅ አድርጎ ጠቅልሎ ማሳደር። ወዲያው አይጠነክርም፣ ስለዚህ «አልሠራም» ብላችሁ ሌላ ማንኪያ እንዳትደግሙ (እኔ ደግሜ አይቻለሁ፣ በማግስቱ ለመዳመጥም አስቸገረኝ)። ሲያድር ትንሽ ቆርሳችሁ ሳቡት። እንደ ማስቲካ ከተለጠጠ ገና ነው፣ ቀጭ ብሎ ከተበጠሰ ደርሷል።

እጅ ላይ ከተጣበቀ የበቆሎ ስታርች አታብዙበት፣ ጠርዙ ይሰነጣጠቃል። ጣት ላይ በጣም ትንሽ የአትክልት ቅባት ይበቃል። ያለቀውን አበባ ደግሞ ፍሪጅ አታስገቡት፤ ስኳር እርጥበት ስለሚስብ ያ ሁሉ ልፋት ይለሰልስና ይወድቃል።

አንባቢያችሁ